የሌሊት ወፍ ሳትደመጥ አይፈረድባት

በባሕር ዳር ለዓይን ያዝ ሲያደርግ በጣና ዳር ተረኛ ይቀያየራል። ቀኑን ሙሉ ውኃው ላይ ሲያንዣብቡ የዋሉት ወፎች ወደ ማደሪያቸው ሲከቱ፣ ከዛፍ ቅርንጫፍ፣ ከቤት ጣሪያ ሥር፣ ከድንጋይ ስንጥቅና ከዋሻ ሌላ በራሪ ይወጣል። የሌሊት ወፍ ናት። በከተማዋ ዕድሜውን የፈጀ ሰው እንኳ ስለዚች እንስሳ ምን ታውቃለህ ተብሎ ቢጠየቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሰው በልጅነቱ የሰማውን ተረት ነው።

ተረቱ የታወቀ ነው። ወፎች ግብር ክፈይ ሲሏት ጥርሷን አሳይታ “አይጥ ነኝ” አለች፤ አይጦች ሲመጡባት ደግሞ ክንፏን ዘርግታ “ወፍ ነኝ” ብላ አመለጠች። ኋላም ከሁለቱም ወገን ስለተጠላች ቀን ወጥታ መታየት አፈረች ይባላል። በዚህ ላይ ዓይነ ስውር ናት፣ ፀጉር ላይ ከተለጠፈች አትላቀቅም፣ ገደ ቢስ ናት የሚሉት ተጨምረውበት የክስ መዝገቧ ከወፈረ ቆይቷል። ችግሩ ተከሳሿ አንድም ቀን አለመደመጧ ነው።

ይህ ጽሑፍ በሌላው ዓለም “የሌሊት ወፍ ምሽት” እየተባለ ለሕዝብ የሚዘጋጀው ትምህርታዊ መድረክ ምን እንደሆነና ለባሕር ዳርና ለጣና አካባቢ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት ይሞክራል። ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲታይ የመዝናኛ ሊመስል ይችላል። ከኅዳር 2018 ዓ.ም. ወዲህ ግን የጤና ጉዳይም ሆኗል። በዚያ ወር የማርበርግ ቫይረስ በሽታ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጂንካ ከተማ መከሰቱ ተረጋግጧል፤ በአገራችን ሲረጋገጥም የመጀመሪያው ነበር። የቫይረሱ ተፈጥሯዊ ተሸካሚ ደግሞ አንድ የሌሊት ወፍ ዝርያ ነው። ተረት ብቻ የሚያውቅ ሕዝብ እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ የሚወስደው እርምጃ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ወፍም አይደለች፣ አይጥም አይደለች

ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 እና ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 የሌሊት ወፍን ከማይበሉት አዕዋፍ ጋር ይቆጥሯታል። ጥንታዊው አመዳደብ የሚበረውን ከሚበረው ጋር ያስቀምጥ ነበርና። የዛሬው ሥነ ሕይወት የሚመድበው ግን በአካል አሠራርና በዝርያ ሐረግ ነው። በዚህ መሠረት የሌሊት ወፍ ወልዳ የምታጠባ፣ ፀጉር ያላት ጡት አጥቢ ናት። ከጡት አጥቢዎችም ክንፏን እያርገበገበች በእርግጥ የምትበር እርሷ ብቻ ናት። ሳይንሳዊው የወገኗ ስም “ኪሮፕቴራ” ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ “እጀ ክንፍ” ማለት ነው። ክንፏ በረዘሙ ጣቶቿ መካከል የተወጠረ ቆዳ ነውና ስሙ ይገባታል።

በዓለም ላይ ከ1,400 በላይ የሌሊት ወፍ ዝርያዎች ይታወቃሉ። ይህም ከጡት አጥቢ ዝርያዎች ሁሉ አምስት አንድ ያህሉን እጅ ይይዛል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ70 በላይ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከመካከላቸውም ለሳይንስ መጀመሪያ የታወቁት ከአገራችን በተወሰደ ናሙና የሆነ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር ድረስ የመጣው ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1842 ከሸዋ የተገኘ አንድ ዝርያ ለዓለም አስተዋውቋል። እ.ኤ.አ. በ1968 ዓባይን ተከትሎ የወረደው የእንግሊዞች የጉዞ ቡድን ደግሞ ዲዴሳ ከዓባይ ጋር ከሚገናኝበት አካባቢ ያመጣው ናሙና በ1971 አዲስ ዝርያ ሆኖ ተመዝግቧል። ከባሌ ተራሮች ሐረና ደን የተገኘ ሌላ ዝርያም በ2000 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በባሌ ስም ተሰይሟል። ከጣና የሚወጣው ወንዝ በዓለም የሌሊት ወፎች መዝገብ ውስጥ ድርሻ አለው ማለት ነው።

ሁሉም ዝርያዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። ብዙዎቹ ትናንሽ ነፍሳት በል ሲሆኑ በጨለማ የሚመሩት በድምፅ ነው። ከሰው ጆሮ አቅም በላይ የሆነ ቀጭን ድምፅ ይለቃሉ፣ ድምፁ ከነፍሳቱ ላይ ነጥሮ ሲመለስ ርቀቱንና አቅጣጫውን ያውቃሉ። ይህን ነገር ጣሊያናዊው ስፓላንዛኒ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ጠርጥሮት ነበር። ዓይናቸው የተሸፈነ የሌሊት ወፎች እንደ ልብ ሲበሩ፣ ጆሯቸው የተደፈነባቸው ግን ከዕቃ ጋር ሲጋጩ ተመልክቷል። ነገሩን በመሣሪያ ያረጋገጡት አሜሪካውያኑ ዶናልድ ግሪፊንና ሮበርት ጋላምቦስ ሲሆኑ፣ ሥራቸውን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1938 በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ፍሬ በሎቹ ግን በአብዛኛው ትልልቅ ዓይን ያላቸው፣ በማየትና በማሽተት የሚመሩ ናቸው። ስለዚህ “ዓይነ ስውር ናት” የሚለው ክስ ገና ከመነሻው ውድቅ ነው። በአፍሪካ ፍሬ በሎች ዘንድ ትከሻቸው ላይ ነጭ ፀጉር ያላቸው ወንዶች አሉ። ሌሊት ዛፍ ላይ ተንጠልጥለው ሴቶቹን ሲጠሩ ብረት በብረት እንደሚመታ ያለ አንድ ዓይነት ድምፅ ደጋግመው ያሰማሉ። ይህን ድምፅ ሰምቶ የእንቁራሪት ወይም የወፍ ነው ብሎ የሚያልፍ ሰው ጥቂት አይደለም። ደም መጣጭ የሚባሉትስ? በዓለም ላይ ሦስት ዝርያዎች ብቻ ሲሆኑ የሚኖሩትም በላቲን አሜሪካ ነው።

ያለ ደመወዝ የሚሠራ

የጣና ተፋሰስ ሕዝብ አብዛኛው ኑሮው እርሻ ነው። ከሐይቁ በስተምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ በአገራችን በሩዝ ምርት ከሚታወቁት ቦታዎች ግንባር ቀደሙ ነው። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የተቋቋመው በዚያው ነው። ለመሆኑ ሩዝና የሌሊት ወፍ ምን ያገናኛቸዋል? በስፔን የኤብሮ ወንዝ ደለላማ መሬት ላይ የተደረገ ሥራ መልስ ይሰጣል። በዚያ የሩዝ አገዳ ቆርቁር የሚባለውን ተባይ ለመከላከል በማሳዎቹ አጠገብ ለሌሊት ወፎች ማደሪያ የሚሆኑ የእንጨት ሣጥኖች ተሰቀሉ። ወፎቹ በዙ፣ የተባዩን የእሳት እራት እየለቀሙ በሉ፣ የተባዩም ጉዳት ፀረ ተባይ መርጨት ከማያስፈልግበት ደረጃ ወረደ። የጥናቱ ውጤት የታተመው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። በማዳጋስካርም በሩዝ ማሳ ዙሪያ የሚያድኑ የሌሊት ወፎች የሩዝ ተባዮችን እንደሚበሉ ተረጋግጧል።

ጥቅሙ ይበልጥ የሚታወቀው ሲጠፉ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ አንድ የፈንገስ በሽታ ሚሊዮኖችን ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ስሌት የሌሊት ወፎች ለአሜሪካ እርሻ የሚሰጡት አገልግሎት በዓመት ወደ 22.9 ቢሊዮን ዶላር እንደሚገመት አመልክቶ ነበር። በዚያው መጽሔት በ2024 የታተመው የኢዮል ፍራንክ ጥናት ደግሞ ከዚህ የከፋውን አሳየ። የሌሊት ወፎች ባለቁባቸው ወረዳዎች ገበሬዎች የነፍሳት መግደያ መርዝ አጠቃቀማቸውን በ31 በመቶ ገደማ አሳደጉ፤ በእነዚሁ ወረዳዎች የሕፃናት ሞትም ወደ 8 በመቶ ጨመረ። አንዲት በራሪ ስትጠፋ ጉዳቱ ጨቅላ ሕፃን ድረስ ይደርሳል ማለት ነው። የኛ ገበሬ መርዝ የሚረጨው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጓንትና ያለ ጭምብል መሆኑ ሲታሰብ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል።

የፍሬ በሎቹም ውለታ ቀላል አይደለም። የዋርካና የሾላ ፍሬ በልተው ዘሩን በኩሳቸው ርቀው ይጥሉታል፤ በቆላው የባኦባብ አበባን ያዳቅላሉ። በጋና ዋና ከተማ በአክራ በሚገኝ አንድ ትልቅ መንጋ ላይ የተደረገና በ2019 የታተመ ጥናት፣ 150 ሺህ ያህል ወፎች በአንድ ሌሊት ከ300 ሺህ በላይ ጥቃቅን ዘሮችን ሊበትኑ እንደሚችሉ ገምቷል። አንዳንዱ ዘር ከዛፉ በአሥር ኪሎ ሜትሮች ርቆ ይወድቃል። በየክረምቱ ችግኝ ለመትከል ሕዝብ ለሚወጣበት አገር እንዲህ ያለውን የሌሊት ተካይ መናቅ አያዋጣም። የዘጌን ደንና የየደሴቱን ገዳማት ዛፎች አባቶች ለዘመናት ጠብቀው አቆይተውልናል። ከደኑ ወጥቶ በተራቆተው መሬት ላይ ዘር የሚጥል ግን በራሪ ያስፈልጋል።

እውነተኛው ስጋትና የተሳሳተው መድኃኒት

ጠበቃ ደንበኛውን ለመከላከል ሲል ማስረጃ አይደብቅም። የሌሊት ወፍ በሽታ ልታስተላልፍ ትችላለች። የማርበርግ ቫይረስ ተሸካሚ የሆነው ዝርያ በዋሻ የሚኖረው የግብፅ ፍሬ በል የሌሊት ወፍ የሚባለው ሲሆን በአገራችንም ይገኛል። በሽታው ከያዛቸው ሰዎች በአማካይ ግማሽ ያህሉን ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2008 በኡጋንዳ አንድ የታወቀ ዋሻ ጎብኝታ የተመለሰች ሆላንዳዊት በዚሁ በሽታ ሞታለች። በ2024 በሩዋንዳ የተነሳው ወረርሽኝም መነሻው የሌሊት ወፎች ካሉበት የማዕድን ጉድጓድ ጋር ተያይዟል። ከዚህ ሌላ በዋሻ ውስጥ የደረቀ ኩስ ብናኝ የሳንባ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። የነከሰች የሌሊት ወፍም እንደ ማንኛውም ነካሽ እንስሳ በእብድ ውሻ በሽታ ወገን ቫይረስ ትጠረጠራለች።

ታዲያ መፍትሔው ዋሻውን በጭስ ማጠን፣ ዋርካውን መቁረጥ ነው? ይህን ጥያቄ ኡጋንዳ በተግባር መልሳዋለች። እ.ኤ.አ. በ2007 በኪታካ የማዕድን ጉድጓድ ሠራተኞች በማርበርግ ከተያዙ በኋላ፣ የጉድጓዱ ሰዎች መውጫውን በመረብ ዘግተው የሌሊት ወፎቹን ፈጁ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌሎች መጥተው ጉድጓዱን መልሰው ያዙት። በ2012 በአካባቢው ወረርሽኝ ተነሳ፤ ተመራማሪዎች ሄደው አዲሶቹን መጤዎች ሲመረምሩ ቫይረሱ የተገኘባቸው 13.3 በመቶ ያህሉ ነበሩ። ከፍጅቱ በፊት መጠኑ 5.1 በመቶ ነበር። መንጋው ሲጠፋ በሽታውን ለይተው ያለፉት አሮጌዎቹ አብረው ይጠፋሉ፤ በምትካቸው የሚመጡት ደግሞ ገና ያልተጋለጡ ናቸው ብለው ተመራማሪዎቹ ያስረዳሉ። ፍርሃት የወለደው እርምጃ ፍርሃቱን እውነት አደረገው።

መከላከያው በጣም ቀላል ነው። የሌሊት ወፍን በባዶ እጅ አለመንካት፤ የሞተችም ብትሆን። ፍሬ በሎች ወደሚበዙበት ዋሻ ያለ አፍና አፍንጫ መሸፈኛና ያለ ጓንት አለመግባት። የተነካካ ወይም የተነከሰ ፍሬ አለመብላት። የነከሰችው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መሄድ። ጣሪያ ሥር ከገቡ ደግሞ መግደል ሳይሆን፣ ግልገል በሌለበት ወቅት ማታ ሲወጡ ጠብቆ ቀዳዳውን መድፈን። አብዛኞቹ ዝርያዎች በዓመት የሚወልዱት አንድ ነው፤ አንድ ማደሪያ ከጠፋ ለመተካት ብዙ ዓመት ይፈጃል። ከከፍታ ሆነው በሰው አናት ላይ የሚበሩት፣ ዛፍ ላይ የተንጠለጠሉት ካልተነኩ ሰውን አይነኩም።

ምሽቱ ምን ይመስላል?

ይህን ሁሉ በራሪ ወረቀት ማደል ይቻላል። ወረቀት ግን ተረትን አያሸንፍም። ተረትን የሚያሸንፈው ሰው በዓይኑ አይቶ በጆሮው ሲሰማ ነው። የሌሊት ወፍ ምሽት የተፈለገውም ለዚህ ነው። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በየዓመቱ በነሐሴ መጨረሻ ቅዳሜና እሑድ ይከበራል፤ ዛሬ ከ30 በላይ አገሮች ይሳተፋሉ። ሕዝቡ ከመምሸቱ በፊት ይሰበሰባል፣ ባለሙያ ለጥቂት ደቂቃ ያስረዳል፣ ከዚያ ሁሉም ፀጥ ብሎ መውጫው ላይ ይጠብቃል። በእጅ የሚያዝ አነስተኛ መሣሪያ የማይሰማውን ድምፅ ወደሚሰማ ይለውጠዋል። የሌሊት ወፏ ስታስስ “ጠቅ፣ ጠቅ” የሚለው ድምፅ፣ ነፍሳት ልትይዝ ስትቃረብ ይፈጥንና አንድ ላይ ይዋሃዳል። በዚያች ቅጽበት ሕፃኑም ሽማግሌውም ተከሳሿ ስትናገር ይሰማል።

ሕዝብ ሐሳቡን እንደሚለውጥ የቴክሳሷ ኦስቲን ከተማ ምሳሌ ናት። እ.ኤ.አ. በ1980 የከተማዋ ትልቅ ድልድይ ሲታደስ በተተዉት ጠባብ ክፍተቶች ውስጥ የሌሊት ወፎች ሰፈሩ። ነዋሪው በፍርሃት ይጥፉልን አለ። በ1986 ሜርሊን ተትል የተባለው ተመራማሪ ድርጅቱን ይዞ ወደዚያው መጥቶ ሕዝቡን ማስተማር ያዘ። ዛሬ በበጋው ወራት እስከ 1.5 ሚሊዮን የሚደርሱት የሌሊት ወፎች የከተማዋ መለያ ሆነዋል። ቱሪስት ማታ ማታ ድልድዩ ላይ ተሰልፎ ይጠብቃቸዋል።

ነገሩ ለጣናም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ሐይቁና ዙሪያው፣ ወደ 700 ሺህ ሄክታር የሚጠጋው፣ በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ሲመዘገብ ድጋፍ የሰጠው የጀርመኑ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ናቡ ነበር። ይኸው ማኅበር በአገሩ በየዓመቱ የሌሊት ወፍ ምሽት ያዘጋጃል። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ በከፋ ባዮስፌር ክልል ባካሄደው የብዝኃ ሕይወት ቆጠራም የሌሊት ወፎችን አስጠንቷል። ወዳጁም ልምዱም እዚሁ ደጅ ላይ አሉ።

ለባሕር ዳር እንዲስማማ

የአውሮፓውን ፕሮግራም እንዳለ መገልበጥ ግን አይሠራም። የነሐሴ መጨረሻ ለባሕር ዳር ክረምት ነው፤ ዝናብ ሲወርድ የሌሊት ወፍም አትወጣም፣ ሰውም አይመጣም። የሚሻለው ከመስቀል በኋላ ያለው ጥቅምት ነው። ቀኑ ሲመረጥም ጨረቃን ማየት ያሻል፤ በሐሩር አካባቢ ብዙ ዝርያዎች በሙሉ ጨረቃ እንቅስቃሴያቸውን ይቀንሳሉ። ሰዓቱ አመቺ ነው። ከ11 ሰዓት ተኩል ተሰባስቦ፣ ከ12 ሰዓት ጀምሮ መውጣታቸውን ተመልክቶ፣ ሳይመሽ አንድ ሰዓት ላይ መበተን ይቻላል። ቦታው ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ዳርቻ መሆን የለበትም፤ እዚያ ማታ ሳር ሊግጡ የሚወጡ ጉማሬዎች አሉ። ዛፍ የበዛበትና አጥር ያለው የዩኒቨርሲቲ ወይም የትምህርት ቤት ግቢ ይመረጣል። ዋሻ ፈጽሞ አይገባም፤ መንካትም ሆነ መያዝ አይፈቀድም። መታየትና መሰማት ብቻ ነው።

በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የተነሳው ግጭት የምሽት ስብሰባን ነገር አስቸጋሪ እንዳደረገው የሚዘነጋ አይደለም። ሰው በሰላም አምሽቶ ቤቱ የማይገባበት ምሽት ለማንም ትምህርት አይሆንም። ስለዚህ ግቢ ውስጥ፣ ለአንድ ትምህርት ቤት የተፈጥሮ ክበብ፣ ከ30 በማይበልጡ ሰዎች ቢጀመር ይበቃል። ሰላም ሲሰፋ ምሽቱም ይሰፋል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት መምህራን ሊያስተምሩ፣ የጤና ባለሙያዎች ስለ ማርበርግ እውነቱን ሊናገሩ፣ የገዳማት አባቶችና የፎገራ አርሶ አደሮች የሚያውቁትን ሊያካፍሉ ይችላሉ። የየምሽቱ ቆጠራ ከተመዘገበም ከዓመት ዓመት ሲነፃፀር ራሱን የቻለ መረጃ ይሆናል።

ሕጉም ከዚህ ጋር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ለሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት ይሰጣል። አንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን የመንከባከብ ግዴታ በመንግሥትና በዜጎች ላይ ይጥላል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ሲነሳ በብዙዎቻችን አእምሮ የሚመጡት ዋልያና ቀይ ቀበሮ ናቸው። የዱር እንስሳ መሆን ግን መልከ መልካምነትን አይጠይቅም።

በተረቱ ውስጥ የሌሊት ወፍ ግብር አልከፍልም ብላ የሸሸች ናት። ማስረጃው ሲታይ ግን ከማሳው ተባይ እየለቀመች፣ በተራቆተው መሬት ዘር እየጣለች በየሌሊቱ የምትከፍል እርሷ ናት። በእርሷ በኩል ያለው የበሽታ ስጋት እውነት በመሆኑም፣ ስጋቱን ከወሬ የሚለይ ዕውቀት ያስፈልገናል። ዋሻ የሚያጥን ሰው ከመነሳቱ በፊት አንድ ምሽት ቆሞ የሚያዳምጥ ሕዝብ ማፍራት ይቀድማል። ወጪው አንድ አነስተኛ መሣሪያ፣ አንድ ባለሙያና የአንድ ሰዓት ተኩል ጊዜ ነው።